ከካሜራው በፊት ድምፁ

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣

ጅማ ውስጥ ሠርግ በመቅረጽ ነው የምተዳደረው። ፊልም መሥራት የሚፈልጉ ልጆች ስቱዲዮዬ እየመጡ «የትኛውን ካሜራ ልግዛ?» ይሉኛል።

እኔ መጀመሪያ ድምፅ ተማሩ እላለሁ። አንዱ ልጅ ጅሬን ኮረብታ ላይ፣ የአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት አጠገብ አጭር ፊልም ቀርጾ አመጣልኝ። ምስሉ ሸጋ ነው። ንግግሩን ግን ነፋስ በልቶታል። ስልኩን ከተናጋሪዋ 5 ሜትር ርቆ ነበር የያዘው። በማግስቱ በሁለት ስልክ ደገመው። አንዱ ምስል ይቀርጻል፤ ሌላው ነጠላዋ ሥር ተደብቆ ድምፅ ብቻ ይቀዳል። ሲጀምሩ አንዴ አጨበጨቡ፣ ኋላ ኤዲቲንግ ላይ ሁለቱን በጭብጨባው ለመግጠም። ቃሏ ጥርት ብሎ ወጣ!

ሌላም አለ። የአገራችን መብራት 50 ኸርዝ ነው፤ ኤሌክትሪኩ በሰከንድ 50 ጊዜ ይመላለሳል ማለት ነው። ቤት ውስጥ ስትቀርጹ ሻተሩን፣ ማለትም ካሜራው ለእያንዳንዱ ምስል ብርሃን የሚያስገባበትን ጊዜ፣ 1/50 ሰከንድ ካደረጋችሁት ምስሉ አይርገበገብም።

የሙያ ባልደረቦቼን ግን አንድ ነገር እለምናለሁ። እነዚህን ልጆች ሠርግ ላይ ይዛችኋቸው ውጡ። ገመድ ይጠቅልሉ፣ መብራት ይያዙ፣ ማታ ፋይል ይገልብጡ። የቀናቸውንም ክፈሏቸው። «ልምድ ነው» እያሉ በነጻ ማሠራት ነውር ነው።

ከሠርግ ቪዲዮ ቀራጭ፣ ጅማ