ልጅዎ ሥዕል ስታይ ጊዜዋ አልባከነም

ለተከበሩ የጋዜጣው አዘጋጅ፤

ባለፈው እትማችሁ አንድ አባት የጻፉትን ደብዳቤ አነበብኩ። ልጃቸውን በብዙ ድካም ጣሊያን ልከው ሒሳብ አያያዝ ያስተምራሉ። እሷ ግን በየጊዜው ሙዚየም ውስጥ የተነሳችውን ፎቶግራፍ ትልክላቸዋለች። «የሒሳብ ተማሪ ከአምስት መቶ ዓመት በፊት ከተሳለ ሥዕል ምን ታገኛለች?» ብለው ጠይቀዋል። የአባት ጭንቀት ነውና ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም። እኔም ይህንኑ ትምህርት የተማርኩት ፍሎረንስ ነው፤ ዛሬ ደብረ ብርሃን ውስጥ አካውንቲንግ አስተምራለሁ።

አባቴ፣ የሒሳብን ነገር ካነሡ አይቀር ልጅዎን ወደ አንድ ቦታ ይላኩልኝ። ፍሎረንስ ውስጥ ኦስፔዳሌ ዴሊ ኢኖቼንቲ የሚባል ሕንፃ አለ። አርክቴክቱ ብሩኔሌስኪ የነደፈው፣ የሐር ነጋዴዎች ማኅበር ያሠራውና እ.ኤ.አ. በ1445 የተጣሉ ሕፃናትን መቀበል የጀመረ ማሳደጊያ ነው። አሁን ሙዚየም አለው። እዚያ ዶሜኒኮ ጊርላንዳዮ የሳለው የሰብአ ሰገል ስግደት ይገኛል፤ ሥዕሉ ብቻ ሳይሆን ሠዓሊው በጥቅምት 1485 የተዋዋለበት ውልም ቃሉ እስከ ዛሬ ተጠብቆ ቆይቷል። ዋጋው 115 ፍሎሪን (የፍሎረንስ የወርቅ ገንዘብ)፣ የማስረከቢያው ጊዜ 30 ወር ነው። ቀለሙም ወርቁም በሠዓሊው ወጪ ይገዛል። ሰማያዊው ቀለም አንዱ አውንስ 4 ፍሎሪን ገደማ የሚያወጣው ዓይነት መሆን አለበት፤ ርካሹን ቀብቶ ማለፍ አይቻልም። ሥራው ሲያልቅ ደግሞ ኃላፊው መነኩሴ ተመልክቶ «ይህን ያህል አያወጣም» ካለ ከተስማሙበት በታች ሊከፍለው ይችላል።

ይህን ውል ካነበቡ በኋላ የእመቤታችንን መጎናጸፊያ ማየት ሌላ ነገር ነው። ያ ሰማያዊ ከአፍጋኒስታን ተራሮች የተቆፈረ ድንጋይ ነው፤ ተፈጭቶ፣ ታጥቦ፣ በወርቅ ገንዘብ ተመዝኖ የተገዛ። ዛሬ ለተማሪዎቼ የጥራት መለኪያ በውል ውስጥ እንዴት እንደሚቀመጥ ሳስተምር የምጠቅሰው ይህንኑ ነው፤ ከማንኛውም የመማሪያ መጽሐፍ ምሳሌ ይልቅ አይረሱትም።

ሥዕሉን ቀረብ ብለው ሲያዩት ግን ሒሳቡ ሁሉ ይጠፋል። ከነገሥታቱ ጋር ሁለት ትናንሽ ልጆች ነጭ ስስ ልብስ ለብሰው ተንበርክከዋል። ገላቸው ላይ የሰይፍ ቁስል አለ። ሄሮድስ ካስፈጃቸው ሕፃናት መካከል ናቸው፤ ከበስተጀርባ ራቅ ብሎ እልቂቱ ራሱ ተስሏል። ይህን ሥዕል በየዕለቱ ያዩ የነበሩት እናት አባት የሌላቸው የማሳደጊያው ልጆች ነበሩ። በዚሁ ሙዚየም ትናንሽ መሳቢያዎች አሉ፤ እናቶች ከሕፃናቱ ጋር የተዉአቸው ምልክቶች ተቀምጠውባቸዋል። ለሁለት የተከፈለ ሜዳሊያ ግማሹ ከልጁ ጋር ቀርቷል፤ ግማሹን እናቲቱ ይዛው ሄዳለች፣ አንድ ቀን ተመልሳ ልጇን በእሱ ልትለይ። የማሳደጊያው ጸሐፊዎችም የሕፃኑን መምጫ ቀንና አብሮት የተገኘውን ነገር በመዝገብ ያሰፍሩ ነበር። መዝገብ አያያዝ ለምን በታማኝነት መሠራት እንዳለበት እኔ የገባኝ እዚያ መሳቢያ ፊት ቆሜ ነው።

ሁለተኛው ምክንያቴ የእኛው ነው። ታዋቂው ኡፊዚ ሙዚየም ሲገቡ ሰው ሁሉ ወደ ሠዓሊው ቦቲቼሊ ሥራዎች ይሮጣል። ከረጅሙ ኮሪደር ጣሪያ ሥር ግን የዓለም ነገሥታትና ታላላቅ ሰዎች ምስል ተደርድሯል። የፍሎረንስ ገዥ የነበረው ኮዚሞ ቀዳማዊ ዴ ሜዲቺ፣ ክሪስቶፋኖ ዴል አልቲሲሞ የተባለውን ሠዓሊ ልኮ ከታሪክ ጸሐፊው ከፓውሎ ጆቪዮ የምስል ስብስብ ያስገለበጣቸው ናቸው። ከእነዚያ አንዱ የእኛው ዐፄ ልብነ ድንግል ነው። ጆቪዮ ንጉሠ ነገሥቱ ለሮማው ጳጳስ የላኩትን ደብዳቤ ወደ ላቲን የመለሰ ሰው ነበር፤ ምስላቸውን መፈለጉም አያስገርምም። ስማቸው በላቲን አጻጻፍ ስለተለወጠ ያላወቀ ኢትዮጵያዊ በሥራቸው አልፎ ይሄዳል። ልጅዎ ቀና ብላ ትፈልጋቸው። ከኢየሩሳሌም የሄዱ መነኮሳቶቻችን እ.ኤ.አ. በ1441 በዚያችው ፍሎረንስ በጳጳሱ ፊት እንደቀረቡም ትወቅ። ሮም ከወረደች ደግሞ ቀራጺው ፊላሬቴ በ1445 ያጠናቀቀውን የቅዱስ ጴጥሮስ ባዚሊካ የነሐስ በር ትመልከት፤ የእነዚያ መልእክተኞች ታሪክ ተቀርጾበታል።

በአንድ ነገር ከእርስዎ ጋር እስማማለሁ። ፎቶግራፍ ለመነሳት ብቻ ከሆነ በእርግጥም ብክነት ነው። ስልኳን ቦርሳዋ ውስጥ ከትታ፣ ከመቶ ሥዕል አንዱን መርጣ፣ እግሯ እስኪዝል ትቁም። ፍሎረንስ ባለው ሳን ማርኮ ገዳም ውስጥ መነኩሴው ሠዓሊ ፍራ አንጀሊኮ በየመነኩሴው ክፍል ግድግዳ ላይ አንዳንድ ሥዕል ብቻ ነው የሳለው፤ የክፍሉ ባለቤት ዘመኑን ሁሉ ያቺኑ እያየ ይጸልያል። ስለ ገንዘቡም አይጨነቁ፤ የመንግሥት ሙዚየሞች በወሩ የመጀመሪያ እሑድ በነፃ ይከፈታሉ። ሰልፉ ረጅም ነውና በማለዳ ትሂድ።

ለአዘጋጁም አንድ ጥያቄ አለኝ። ፍራ አንጀሊኮ ሳን ማርኮን በሚስልበት ዘመን በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ቤተ መንግሥት ፍሬ ጽዮን የሚባል ሠዓሊ ነበረን፤ ሥራው ጣና ላይ በዳጋ እስጢፋኖስ አለ። ጥቂት ቆይቶ ኒኮሎ ብራንካሊዮን የተባለ ቬኒሳዊ ወደ አገራችን መጥቶ ለነገሥታቱ እየሳለ እዚሁ ዕድሜውን ፈጅቷል። እኔ ይህን የሰማሁት ከአገር ከወጣሁ በኋላ መሆኑ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል። ስድስት ኪሎ የኢትዮጵያ ጥናት ተቋም ሙዚየም ውስጥ ያሉትን ጥንታዊ ሥዕሎች በየሳምንቱ አንድ አንዱን እያነሣችሁ፣ ማን እንዳሠራው፣ በምን እንጨትና ቀለም እንደተሠራ ብትጽፉልን፣ ተማሪዎቼን ይዤ አዲስ አበባ ስመጣ የት እንደማቆማቸው አውቃለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
የጋዜጣው የዘወትር አንባቢ
ከደብረ ብርሃን