ስሙ ያው፣ ገበታው ሌላ

ለተከበሩ የጋዜጣው አዘጋጅ፣

ጎንደር ፒያሳ አካባቢ የከተማው ነዋሪም እንግዳም ለብዙ ዓመታት ሲመገብበት የኖረ አንድ ምግብ ቤት ለሌላ ሰው መሸጡን የሰማሁት ለሥራ ከከተማው ርቄ በነበርኩበት ጊዜ ነው። ዘንድሮ ለጥምቀት ስመለስ በሩ ላይ ያገኘሁት ሰሌዳ የቀድሞውን ስም በቀድሞው ቀለምና አጻጻፍ የያዘ ስለነበር እንደ ልማዴ ገብቼ ተቀመጥኩ። ይህን ደብዳቤ የምጽፈው ምግቡ ስላልጣመኝ ብቻ አይደለም፤ ወጥ በማንም ቤት አንዳንድ ቀን ይበላሻል። ቅሬታዬ፣ ሌላ ሰው በብዙ ድካም ያፈራውን ስም ገዝቶ ስሙን ያስከበረውን ሥራ አውጥቶ የጣለ ነጋዴ፣ ለውጡን ለደንበኛው ሳይናገር በዚያው ስም መነገዱ ላይ ነው። ቤቱን በስም አልጠቅሰውም፤ ነገሩ የዚህ ቤት ብቻ እንዳልሆነ ከወዳጆቼ ስለሰማሁ፣ ዛሬ እዚያ ተቀጥረው የሚሠሩት ወጣቶችም ባላጠፉት እንዲጎዱ ስለማልፈልግ ነው።

የቀድሞዋን ባለቤት ሁላችንም እቴቴ እንላቸው ነበር። ምግብ ቤቱ ለዓይን የሚያምር አልነበረም፤ ወንበሮቹ ያረጁ፣ ግድግዳው ጢስ የጠገበ ነበር። ወጥ ቤቱ ግን ሥርዓት ነበረው። ዶሮው 12 ብልት ወጥቶለት በሎሚና በጨው ደጋግሞ ይታጠባል፤ ሽንኩርቱ ዘይት ሳይነካው በገዛ ውኃው ለረጅም ሰዓት ይቁላላል፤ በርበሬው ከገባ በኋላም እሳቱ ለስለስ ተደርጎ ጥሬነቱ እስኪጠፋ ይጠበቃል። ቅቤው ኮሰረትና ኮረሪማ ገብቶበት የሚነጠረው እዚያው ጓሮ ስለነበር፣ ቅቤ የሚነጠርበት ቀን ሰፈሩን በሙሉ ያውደው ነበር። መከለሻውን እቴቴ በገዛ እጃቸው ካልሆነ በቀር ማንም አይነካውም። በጾም ቀን ደግሞ ስልጆ ይቀርባል፤ የባቄላ ዱቄት በሱፍ ውኃ ተማስሎ፣ ሰናፍጭና ነጭ ሽንኩርት ገብቶበት፣ ለቀናት ሲብላላ የሚቆይ ስልጆ። ከጎርጎራ የመጣ የጣና ቀረሶም አንዳንዴ ይገኝ ነበር፤ ዓሣ በጾም ይበላል አይበላም የሚለውን ክርክር ለሊቃውንቱ እተወዋለሁ።

ዘንድሮ የቀረበልኝ ዶሮ ወጥ ሽንኩርቱ ገና ያልሟሟ፣ ዘይቱ ከላይ የተንሳፈፈ፣ በርበሬው ጉሮሮ የሚከረክር ነበር። ቅቤ እንዳልነካው ለማወቅ መቅመስ አያስፈልግም፤ ሽታው ይናገራል። እንጀራው ጤፍ ብቻ አልነበረም። ፎገራ የሩዝ አገር ከሆነ ወዲህ በእኛ አካባቢ ጤፍን ከሩዝ ቀይጦ መጋገር የተለመደ ነው፤ ነውርም የለበትም፣ እኔም ቤቴ እበላዋለሁ። እንዲህ ያለው እንጀራ ትኩስ ሳለ ነጭና ለስላሳ ሆኖ ዓይን ይማርካል፤ ሲቀዘቅዝ ግን ይደርቅና ይሰባበራል፤ ከፊቴ የነበረውም ወጡን ሳልጨርስ መሰባበር ጀመረ። ነውሩ የተቀየጠውን በነጭ ጤፍ ዋጋ መሸጡ ነው።

በአንድ ቀን ፈርጄ እንዳልሆን ከቀናት በኋላ ዓርብ ቀን ተመልሼ ሄድኩና ስልጆ አዘዝኩ። ያስተናገደኝ ልጅ ትሑትና ጨዋ ነው፤ «አባባ፣ ስልጆ አሁን አይሠራም፤ የሚያውቀውም ሰው የለም» አለኝ። የድሮዎቹን ወጥ ሠሪዎች ስጠይቀው፣ ቤቱ ሲሸጥ ሁሉም እንደወጡና እሱም አንዳቸውንም እንደማያውቅ ነገረኝ። ለእኔ ነገሩ የተገለጠልኝ በዚህ መልስ ነው። አዲሱ ባለቤት ሰሌዳውን፣ ወንበሩንና ድስቱን ተረክበው፣ ስንት ዓመት ሙሉ ያንን ድስት ያማሰሉትን ሴቶች ግን አሰናብተዋል። ደመወዛቸውን ማስቀረቱ ምን ያህል ወጪ እንዳዳነላቸው አላውቅም፤ ያሰናበቱት ግን ደንበኛውን ወደ ቤቱ ያመጣ የነበረውን እጅ ነው። በዝርዝሩ ላይ በርገርና ፒዛ መጨመሩን አልቃወምም፤ ፒያሳችን ከጣሊያን ወረራ ዘመን ጀምሮ ፓስታና ማኪያቶ የለመደ ሰፈር ነው።

የባለቤቱንም ችግር አልክድም። ከኮሮና ወረርሽኝ ወዲህ፣ ከዚያም በጦርነቱና በጸጥታው ችግር የተነሣ፣ ጎንደር ውስጥ በእንግዳ የሚኖር ሥራ ሁሉ ተጎድቷል፤ የጤፍና የቅቤ ዋጋም የት እንደደረሰ ገበያ የሚወጣ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። በእንዲህ ያለ ጊዜ ገንዘቡን አውጥቶ የቆየ ቤት የገዛ ሰው ድፍረቱ ያስመሰግነዋል። ዶሮው በዚያ ዋጋ በቅቤ መሠራት ካልቻለ ዋጋውን ከፍ አድርጎ ምክንያቱን መናገር ይቻላል፤ ወይም የበዓል ቀን ብቻ ማቅረብ ይቻላል። ብዙዎቻችን እንረዳ ነበር።

አዘጋጁ ሆይ፣ በንግድ ሕጋችን ስምና መልካም ዝና ከንግድ መደብሩ ጋር የሚሸጥ፣ የሚለወጥ ሀብት ነው። የሸጠው ሰው በአቅራቢያው ተመሳሳይ ቤት ከፍቶ የድሮ ደንበኞቹን መልሶ እንዳይወስድም ሕጉ ገዢውን ይጠብቀዋል። ይህ ተገቢ ነው፤ ገንዘቡን የከፈለበት ነገር ሊነጠቅ አይገባም። ነገር ግን ያ «መልካም ዝና» የተባለው ሀብት በቀላል ቋንቋ ስንፈታው እኛው ደንበኞቹ ነን፤ በየሳምንቱ የምንመላለሰው፣ እንግዳ ሲመጣብን «እዚያ ውሰዱት» የምንለው ሰዎች ነን። እቴቴ ከጎኑ ቤት እንዳይከፍቱ የተከለከሉት እኛን ይዘው እንዳይሄዱ ከሆነ፣ የገዛን ሰው ቢያንስ ቤቱ ከእጅ ወደ እጅ መተላለፉን በአንዲት መስመር ሊነግረን ይገባ ነበር። «በአዲስ አስተዳደር» የሚል ጽሑፍ በሩ ላይ መለጠፍ ብዙ ወጪ የለውም። ያልተለጠፈው ለምን እንደሆነ ለመገመት ደግሞ ብዙ ጥበብ አይጠይቅም።

ስለ ሒሳቡም ባጭሩ ልናገር። የዋጋ ዝርዝር ግድግዳው ላይ የለም፤ ሒሳቡ የመጣልኝ በቁራጭ ወረቀት ተጽፎ ነው፤ ከሥሩ 15 በመቶ ቫት ተደምሯል፣ የማሽን ደረሰኝ ግን አልተሰጠኝም። የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ነጋዴ ዋጋውን በግልጽ በሚታይ ቦታ እንዲያሳውቅ፣ ለሸጠውም ደረሰኝ እንዲሰጥ ያዛል። ይህን የሚቆጣጠረው የከተማው ንግድ ጽሕፈት ቤት ፒያሳን የሚያውቀው በበዓል ሰሞን ብቻ ሊሆን አይገባም።

ነገሩ ለከተማው ያለው ትርጉም እንዳይናቅ እሰጋለሁ። የፋሲል አብያተ መንግሥት በ1972 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግበዋል፤ ጥምቀትም በ2012 ዓ.ም. በማይዳሰስ ቅርስነት ተመዝግቧል፤ የግንቦቹ ጥገናም ተስፋ ሰጥቶናል። ታዲያ ጥምቀተ ባሕሩን ያየ እንግዳ ከዚያ ቀጥሎ የሚጠይቀው የት እንደሚበላ ነው፤ አስጎብኚውም ሰሌዳውን አይቶ፣ የድሮውን ቤት አስቦ፣ ወደዚያው ይወስደዋል። እንግዳው ያንን ዘይት የተንሳፈፈበት ወጥ ቀምሶ «የጎንደር ዶሮ ወጥ ይህ ነው» ብሎ ቢሄድ፣ የሚጎዱት ሌሎቹ በሥርዓት የሚሠሩ ምግብ ቤቶችም ጭምር ናቸው።

ስለዚህ አዲሱ ባለቤት ይህን ቢያነቡ የምለምናቸው ከሁለት አንዱን ነው። ወይ የቀድሞዎቹን ወጥ ሠሪዎች፣ ሁሉንም ባይሆን አንዷን እንኳ፣ ፈልገው ይመልሱና ዋጋቸውን በግልጽ ይጻፉ፤ ወይ ሰሌዳውን አውርደው በራሳቸው ስም፣ በራሳቸው ምግብ ይነግዱ። ሁለተኛውን ቢመርጡም ቅር አልሰኝም፤ ፒዛቸውን ልሞክር እሄዳለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የቆየ ደንበኛ፣ ከጎንደር