መርፌው ዘር አይሆንም

ይድረስ ለጋዜጣው አዘጋጅ፣

ባለፈው ሳምንት በጤና ዓምዳችሁ ስለ ወንዶች መካንነት ያወጣችሁትን ጽሑፍ አነበብኩት። ጉዳዩን ደፍራችሁ ማንሳታችሁ ያስመሰግናችኋል፤ ልጅ ሲዘገይ ጣት የሚቀሰረው ሁልጊዜ ሴቷ ላይ ነውና። «የዘር ማነስ የቴስቶስትሮን ማነስ ስለሆነ ሆርሞኑን በመርፌ መተካት ይበቃል» የሚለው አንቀጽ ግን ሊታለፍ አይገባውም። የዘር ፈሳሽ በሚመረመርበት ላቦራቶሪ ለዓመታት ሠርቻለሁ። ይህን ምክር የሰማ ሰው የሚያገኘው የተመኘውን ሳይሆን ተቃራኒውን ነው።

አንድ ጊዜ የጠና ጡንቻ ያለው ወጣት ናሙና ሰጠን። በደሙ ያለው ቴስቶስትሮን ከጤናማው መጠን በላይ ነበር። ጠብታውን በማይክሮስኮፕ ብፈልግ ብፈልግ አንድም ስፐርም አጣሁ። ቀሪውን በማሽን አሽከርክሬ ዝቃጩን አየሁት፤ ያም ባዶ ነው። ለካ ሰውነቱን ለማፈርጠም ለወራት ይህንኑ ሆርሞን ሲወጋ ኖሯል።

ነገሩ እንዲህ ነው። አንጎልና ከሥሩ ያለው ፒቱታሪ እጢ በደም ውስጥ ያለውን ቴስቶስትሮን ይከታተላሉ። ከውጭ የገባው ሲበዛ «በቅቷል» ብለው ኤል ኤች እና ኤፍ ኤስ ኤች የተባሉትን መልእክተኛ ሆርሞኖች ይቀንሳሉ። ኤል ኤች ሲጠፋ በቆለጥ ውስጥ ቴስቶስትሮን የሚያመርቱት የላይዲግ ሕዋሳት ሥራ ይፈታሉ። ስፐርም ለመሥራት የሚያስፈልገው በቆለጥ ውስጥ ያለው መጠን በደም ካለው በብዙ እጥፍ የሚበልጥ ስለሆነ መርፌው ያንን ሊተካ አይችልም። የዓለም ጤና ድርጅት በየሳምንቱ የሚሰጥ የቴስቶስትሮን መርፌን የወሊድ መከላከያ አድርጎ ፈትኖ ውጤቱን እ.ኤ.አ. በ1990 አሳትሟል፤ ከተሳታፊዎቹ አብዛኞቹ ስፐርማቸው ጨርሶ ጠፍቶ ነበር። እናንተ ለመካንነት ያዘዛችሁት መድኃኒት ማለት ይኸው ነው።

ከዚህም በላይ ጽሑፋችሁ የዘለለው ነገር አለ። ወደ ስፐርም የሚያድጉት ሕዋሳት ለቴስቶስትሮን ተቀባይ የላቸውም፤ ሆርሞኑ በቀጥታ ቢመጣባቸው አይሰሙትም። የሚሰማላቸው እ.ኤ.አ. በ1865 ጣሊያናዊው ሳይንቲስት ኤንሪኮ ሰርቶሊ የገለጸው፣ በስሙም የሚጠራው ሕዋስ ነው። በቀለም የተነከረ ስስ የቆለጥ ቁራጭ ላይ ክብ ክብ ቱቦዎች ይታያሉ። የሰርቶሊ ሕዋስ እግሩን ከቱቦው ግድግዳ ተክሎ እስከ መሃል ይዘረጋል፤ በጎኑም በሙሉ ታዳጊ የዘር ሕዋሳትን አቅፎ ይይዛል። ጀማሪዎቹ ከግድግዳው ሥር ናቸው፤ ጭራ ያወጡት ወደ መሃል ተጠግተዋል። ላክቴት የተባለ የኃይል ምንጭ እያመረተ የሚቀልባቸውም እሱ ነው።

በዚህ እቅፍ ውስጥ የሚተላለፈው መልእክት ብዙ ነው። የሰርቶሊ ሕዋስ ጂ ዲ ኤን ኤፍ የተባለ ፕሮቲን እያመነጨ ስፐርም የሚመነጭባቸውን ግንደ ሕዋሳት «ተባዙ፣ ግን አትቸኩሉ» ይላቸዋል። እ.ኤ.አ. በ2000 በአይጦች እንደታየው ፕሮቲኑ ሲያንስ የግንደ ሕዋሱ ክምችት ይሟጠጣል፤ ሲበዛ ደግሞ ሕዋሳቱ ሳይበስሉ ይከማቻሉ። ለመብሰልና የክሮሞዞማቸውን ቁጥር በግማሽ ለሚቀንሰው ክፍፍል የሚያነሳሳቸው ከቫይታሚን ኤ የሚሠራው ሬቲኖይክ አሲድ ነው። ቫይታሚን ኤ የተከለከሉ አይጦች የስፐርም ምርታቸው ይቆማል፤ ሲሰጣቸው እንደገና ይነሳል። (ይህን አንብቦ የቫይታሚን እንክብል የሚያግበሰብስ እንዳይኖር፤ ቫይታሚን ኤ ሲበዛ ጉበት ይጎዳል።)

እኔን ሁልጊዜ የሚገርመኝ ግን ንግግሩ የአንድ ወገን አለመሆኑ ነው። እ.ኤ.አ. በ1998 በታተመ ሙከራ የትልቋ አይጥ ዝርያ ግንደ ሕዋሳት በትንሿ አይጥ ቆለጥ ውስጥ ተተከሉ። የትልቋ ዝርያ ስፐርም ለመብሰል የሚፈጅበት ጊዜ ይረዝማል። የተተከሉት ሕዋሳት በባዕድ ሞግዚት፣ ማለትም በትንሿ አይጥ የሰርቶሊ ሕዋስ፣ እጅ ሆነውም በራሳቸው ዝርያ ፍጥነት አደጉ። ሞግዚቷም የራሷን ልጆች በራሳቸው፣ የእንግዶቹን በእንግዶቹ ጊዜ አሳደገች። ያደገው ሕዋስ አሳዳጊውን ያዛል ማለት ነው።

በእርግጥ ትእዛዙ ከፒቱታሪ የጎደለባቸው ወንዶች አሉ። እነሱም ቢሆኑ ልጅ ሲፈልጉ የሚሰጣቸው የኤል ኤችን ሥራ የሚተካ፣ ሲያስፈልግም ኤፍ ኤስ ኤች የሚጨምር መርፌ እንጂ ቴስቶስትሮን አይደለም። ቴስቶስትሮን ጀምረው ያቆሙትም ብዙዎቹ ስፐርማቸው ይመለስላቸዋል፤ ነገር ግን አንድ ስፐርም ተሠርቶ ለመጨረስ 74 ቀን ያህል ስለሚፈጅ ጥበቃው በወራት ይቆጠራል። ያ ወጣት መርፌውን ካቆመ በኋላ የመጀመሪያዎቹን ጥቂት ስፐርሞች ያየሁለት በሰባተኛው ወር ነው።

ስለዚህ አንቀጹን በሚቀጥለው እትማችሁ እንድታርሙት እጠይቃለሁ። ማረሚያው ልጅ የሚፈልግ ወንድ ቴስቶስትሮን ከመውሰዱ በፊት የዘር ፈሳሹን፣ ኤል ኤችና ኤፍ ኤስ ኤችን እንዲያስመረምር ቢነግረው ጥሩ ነው። ደግሞም በኋላ ገጽ በትንንሽ ፊደል ሳይሆን ምክሩ በወጣበት ቦታ ይሁን።

ከአክብሮት ጋር፣
የላቦራቶሪ ባለሙያ አንባቢያችሁ