አንደበታቸው ለደከመ ወገኖች የፊደል ሰሌዳ፦ የድጋፍ ጥሪ

ውድ የእድራችን አባላት፣ የሰፈራችን ልጆች፣ በውጭ አገር ያላችሁ ወገኖቻችን፤

አባታችን ልብስ ሰፊ ነበሩ። መጀመሪያ መቀሱ ከእጃቸው ይወድቅ ጀመር። ቀጥሎ ምላሳቸው ከበደ። ውሎ አድሮ ንግግራቸውን የምንረዳው እናቴና እኔ ብቻ ሆንን፤ በመጨረሻ እኛም አቃተን። ሐኪሞቹ ኤኤልኤስ ነው አሉን፤ ጡንቻን የሚያዝዙ ነርቮች ቀስ በቀስ የሚሞቱበት በሽታ ነው። እጅን፣ እግርን፣ ምላስን፣ መዋጥን ይወስዳል፤ የዓይንን እንቅስቃሴ ግን ብዙውን ጊዜ ይተዋል። የአባታችንም ሐሳብና ትዝታ አንድም አልጎደለም ነበር።

አንድ ሰሞን እንቅልፍ አጡ። ሌሊቱን ሙሉ ዓይናቸው ይንከራተታል። ውሃ? ትራስ ይስተካከል? የንስሐ አባት እንጥራ? ሁሉም አይደለም። ሦስት ቀን እንዲህ ሆንን። በአራተኛው ቀን እህቴ የልጇን የፊደል ገበታ አምጥታ በጣቷ እያመለከተች ትጠይቃቸው ጀመር፤ አዎ ሲሆን ዓይናቸውን ይጨፍናሉ። ከ“አ” ቤት “እ”። ከ“ደ” ቤት “ዳ”። እዳ። ዚፕና ቁልፍ በዱቤ ይወስዱበት የነበረ አንድ የመርካቶ ነጋዴ ያልተከፈለው ሒሳብ ነበር። ወንድሜ በማግስቱ ሄዶ ከፈለ። ያን ሌሊት አባታችን ተኙ።

ያ የልጅ ገበታ ነው ለዚህ ሥራ ያነሳሳን። ዘዴው አዲስ አይደለም። የፊዚክስ ሊቁ ስቲቨን ሆኪንግ እ.ኤ.አ. በ1985 ጉሮሮው ተቀዶ ድምፁን ሲያጣ፣ ኮምፒውተር እስኪያገኝ ድረስ ሰው ካርድ ላይ ፊደል ሲያመለክትለት ቅንድቡን እያነሳ ነበር ቃል የሚመሠርተው። ለእንግሊዝኛ 26 ፊደል ይበቃል። የእኛ 33 ፊደል በ7 ሲባዛ ግን ዲቃሎቹን ሳይጨምር 231 ይሆናል። በዓይኑ ብቻ ለሚመርጥ ሰው ይህን ሁሉ መዳሰስ ከባድ ነው። ስለዚህ ሰሌዳውን በሁለት ደረጃ ሠራነው፤ መጀመሪያ የፊደሉ ቤት ይመረጣል፣ ከዚያ ከግዕዝ እስከ ሳብዕ ስንተኛው እንደሆነ። ሐ፣ ሠ፣ ኀ፣ ዐ እና ፀ ድምፃቸው ከሌሎቹ ጋር አንድ ስለሆነ አወጣናቸው፤ 28 ቀሩ፤ በ4 ረድፍ ሰባት ሰባት ሆነው ተደረደሩ። የፊደላችንን ሥርዓት የምትወዱ እንደምትቆጩ አውቃለሁ። እኔም በሌላ ጽሑፍ ላይ ቢሆን እከራከር ነበር፤ የደከመ ዓይን ላይ ግን አምስት ፊደል ብዙ ሸክም ነው።

ስትሮክ ከመታቸው ውስጥ ፊደሉ ራሱ የሚጠፋባቸው አሉ። ለእነሱ የምስል ሰሌዳ እያዘጋጀን ነው፤ ቡና፣ መድኃኒት፣ ሽንት ቤት፣ ብርድ ልብስ፣ የየቤተሰባቸው ፎቶ።

የምትሰጡት ገንዘብ ለሚያሳልፍ ፕላስቲክና ለኅትመት ይውላል፤ ፕላስቲኩ የሚያሳልፍ የሆነው አስታማሚው ከማዶ ሆኖ የበሽተኛውን ዓይን እንዲያይ ነው። ቤት ለቤት እየሄዱ አጠቃቀሙን ለሚያሳዩ በጎ ፈቃደኞችም የትራንስፖርት ይሆናል። አማርኛ የሚጻፍባቸው ታብሌቶችም እንፈልጋለን። እነዚህ ለቤተሰብ በውሰት ይሰጣሉ፤ ሲመለሱ ለቀጣዩ ተረኛ ያልፋሉ። ከውጭ ለምትመጡ ወገኖች፣ ቤታችሁ የተቀመጠ አሮጌ ታብሌት ካለ ሻንጣችሁ ውስጥ ጨምሩልን። መስታወቱ ቢሰነጠቅም ንክኪው ከሠራና ባትሪው ከያዘ ይበቃናል።

ገንዘብ የማይጠይቅ አንድ ልመናም አለኝ። በቤታችሁ አንደበቱ መክበድ የጀመረ ሰው ካለ ዛሬውኑ ድምፁን በስልክ ቅዱለት። የልጆቹን የቁልምጫ ስም፣ “ቡና አፍሉ”፣ “እግዜር ይስጥልኝ”፣ ሲቆጣ የሚለውን ጭምር። ኋላ በታብሌቱ ላይ ምስሉን ሲነካ የሚሰማው የራሱ ድምፅ ይሆናል። እኛ ለአባታችን ይህን አላደረግንም፤ አሁንም ይቆጨኛል።

ሒሳቡ በእድሩ ስም፣ በሦስት ሰዎች ጣምራ ፊርማ ተከፍቷል። ከ50 ብር ጀምሮ የቻላችሁትን ለእድሩ ገንዘብ ያዥ ስጡና ደረሰኝ ተቀበሉ፤ ገቢና ወጪው በየወሩ ስብሰባ ላይ ይነበባል። ሰሌዳ የሚያስፈልገው ሰው የምታውቁ ከሆነ፣ የእድራችን አባል ባይሆንም፣ ለጸሐፊው ንገሩ፤ ተራ እናስይዝለታለን።