ኢንሄለር የመጨረሻ አማራጭ አይደለም

ለተከበሩ አዘጋጅ፣

ባለፈው ወር በጤና ዓምዳችሁ ስለ አስምና ስለ ሌሎች ሥር የሰደዱ የመተንፈሻ አካላት ሕመሞች ያወጣችሁትን ሰፊ ዘገባ ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ሁለተኛውን ያነበብኩት ዓይኔን ተጠራጥሬ ነው። በገጹ መካከል፣ ያውም በደማቅ ፊደል ተለይቶ፣ እንዲህ ይላል፦ «ኢንሄለር ሌላው መድኃኒት ሁሉ አልሠራ ሲል የሚወሰድ የመጨረሻ አማራጭ ነው፤ አንድ ጊዜ ከተለመደ ሳንባ ያለ እርሱ መተንፈስ ያቅተዋል።» ይህን ደብዳቤ የምጽፈው በአፍ ስለሚሳበው ስለዚህ መድኃኒት ስለተጻፈችው አንዲት ዓረፍተ ነገር ነው።

አስም የጀመረኝ በ11 ዓመቴ ነው፤ ዛሬ 43 ዓመት ሆኖኛል። ይህችን ዓረፍተ ነገር ከዘመድ፣ ከጎረቤት፣ ከሥራ ባልደረባ፣ አንድ ጊዜም መድኃኒቱን ራሱን ከሸጠልኝ ሰው ሰምቻታለሁ። ተማሪ ሳለሁ አንድ መምህር «ይህን ሱስ አሁኑኑ ተይ» ብሎ ኢንሄለሬን ከእጄ ወስዶ መሳቢያ ውስጥ ቆልፎበታል። ደረጃው ላይ ተቀምጬ፣ ትከሻዬ ከጆሮዬ ጋር እስኪገናኝ ድረስ አየር ስፈልግ፣ ጓደኛዬ እያለቀሰች ቁልፉን ትለምነው ነበር። እናቴም እንግዳ በመጣ ቁጥር ኢንሄለሩን ከጠረጴዛ ላይ አንስታ ትደብቀው ነበር። ክፉ ሆና አይደለም፤ «ልጅቷ ሱስ ይዟታል» እንዳይባልብኝ ፈርታ ነው። ከሰው አፍ ስሰማው የኖርኩትን ነገር በጤና ዓምድ ላይ ታትሞ ማየት ግን ሌላ ነው። ሐሜት ጋዜጣ ላይ ሲወጣ ማስረጃ ይሆናል።

አሁን ወደ ነገሩ ልግባ። በአስም የአየር ቧንቧ የሚጠበው በሁለት ምክንያት ነው። ቧንቧውን የከበበው ጡንቻ ይኮማተራል፤ የውስጡ ግድግዳ ደግሞ ይቆጣል፣ ያብጣል፣ አክታ ያመነጫል። ለእነዚህ የሚሰጡት ኢንሄለሮችም ሁለት ዓይነት ናቸው። እንደ ሳልቡታሞል ያለው ማስታገሻ ጡንቻውን በደቂቃዎች ውስጥ ያላላል፤ ከአራት እስከ ስድስት ሰዓት ቆይቶ ኃይሉ ያልቃል። እንደ ቤክሎሜታዞን ያለው መከላከያ ቁጣውን ራሱን ያበርዳል፤ ይህ ግን ቀናትና ሳምንታት ይፈልጋል፣ ሲስቡትም ወዲያው የሚሰማ ለውጥ የለም። ሕመምተኛው የሚሰማውን ይወዳል፣ የማይሰማውን ይተዋል። ቁጣው ሳይታከም ሲቀር ቧንቧው እየባሰበት ይሄዳል፤ ማስታገሻው በቀን ሁለቴ የነበረው አራቴ፣ ከዚያም ስድስቴ ይሆናል። ይህን ከውጭ ያየ ሰው «ለመደው» ይላል። ዝናቡ በበረታ ቁጥር ጃንጥላ የያዘ ሰው ይበዛል፤ ዝናቡን ያመጣው ግን ጃንጥላው አይደለም።

ዘጋቢያችሁን ያስፈራው ነገር ሙሉ በሙሉ መሠረተ ቢስ እንዳልሆነ አምናለሁ። ማስታገሻውን ብቻ ማብዛት በእርግጥ አደገኛ ነው። ጂና በሚል ምኅጻረ ቃል የሚታወቀው ዓለም አቀፍ የአስም ተቋም በ2019 መመሪያውን የለወጠው በዚሁ ምክንያት ነው፤ አዋቂዎችና ታዳጊዎች አጭር ጊዜ በሚሠራ ማስታገሻ ብቻ መታከም እንደሌለባቸው አስታወቀ። ባለ 200 ፓፍ (ፓፍ ማለት አንዴ ሲጫን የሚወጣው መጠን ነው) ማስታገሻ በዓመት ሦስትና ከዚያ በላይ የሚጨርስ ሰው ለከባድ ግርሻ የመጋለጥ ዕድሉ ከፍ ይላል። መፍትሔው ግን መከላከያውን መጀመር ነው፤ እርሱም ኢንሄለር ነው! ዘገባችሁ ሁለቱን በአንድ ስም ጠርቶ ሁለቱንም አስወገዘ። አንባቢው ከመርዙ ሊሸሽ ሲል መድኃኒቱን ጣለ።

«የመጨረሻ አማራጭ» የሚለው ቃል ደግሞ ያንገበግበኛል። ከዚያ በፊት ምን ሊወሰድ ነው? ዘገባው ክኒንና ሽሮፕ ይላል። ስሌቱን ማንም ሊሠራው ይችላል። ከሳልቡታሞል ኢንሄለር በአንድ ጊዜ የሚወጣው በተለምዶ 100 ማይክሮግራም ነው። ባለ 4 ሚሊግራም ክኒን ውስጥ ያለው 4000 ማይክሮግራም፣ ማለትም የ40 ፓፍ ያህል ነው። ክኒኑ በሆድ አልፎ፣ በደም ተሠራጭቶ፣ እጅ አንቀጥቅጦና ልብ አስመትቶ ነው ሳንባ የሚደርሰው። ኢንሄለሩ ጥቂቱን መድኃኒት በቀጥታ ወደታመመው ቦታ ያደርሳል። ቀላሉን ትታችሁ ከከባዱ ጀምሩ ብሎ ሰውን መምከር ምን ይባላል?

ዘገባችሁ ሲኦፒዲ የሚባለውን፣ የአየር ቧንቧ ለዘለቄታው የሚጠብበትን የሳንባ ሕመምም ከአስም ጋር ደባልቆታል። በአስም የጠበበው ቧንቧ አብዛኛውን ጊዜ ይከፈታል፤ በሲኦፒዲ ሙሉ በሙሉ አይመለስም። ሁለቱን ለመለየት ስፓይሮሜትሪ በሚባለው የትንፋሽ መለኪያ መመርመር ያስፈልጋል። የአባቴ ሕመም ሲኦፒዲ ነበር። ሲጋራ አጭሶ አያውቅም፤ ሳንባውን የጎዳው ለዓመታት የሠራበት ጭስ ነው። በዘገባው ውስጥ እርሱን የመሰለ ሰው አላገኘሁም። በዚያም ሕመም ቢሆን ሕክምናው የሚጀመረው በኢንሄለር ነው።

ለደማቁ ፊደል የባከነው ቦታ አሳሳቡን ለማስረዳት ይበቃ ነበር። ዕቃውን መነቅነቅ፣ አየርን ቀስ ብሎ ማስወጣት፣ በዝግታና በጥልቀት መሳብ ሲጀመር መጫን፣ እስከ 10 ሰከንድ ትንፋሽን መያዝ፤ እንደ ቤክሎሜታዞን ያለ ስቴሮይድ ያለበት ከሆነ በኋላ አፍን ተጉመጥምጦ መትፋት። የዱቄት ዓይነቱ ግን በተቃራኒው በፍጥነትና በኃይል ነው የሚሳበው። ለልጆች ደግሞ ስፔሰር የሚባለው፣ ኢንሄለሩ ላይ የሚገጠም ባዶ ቱቦ አለ። እኔ ለስምንት ዓመት ሙሉ በተሳሳተ መንገድ ስስብ፣ መድኃኒቱም ጉሮሮዬ ላይ ሲቀር ኖሬያለሁ፤ አሳይኝ ያለኝ ባለሙያ አልነበረም።

በዓለም ጤና ድርጅት አኃዝ መሠረት በ2019 በአስም የሞቱት ሰዎች 455 ሺህ ናቸው። አብዛኞቹ የሞቱት ምርመራና ሕክምና በማይዳረስባቸው፣ ዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ ባላቸው አገሮች ነው። መድኃኒቱ ደጃቸው ደርሶ በፍርሃት የተዉት ስንት እንደሆኑ ቁጥሩ አይናገርም፤ እኔ ግን አንዱን ልጅ አውቀዋለሁ።

የእህቴ ልጅ 9 ዓመቱ ነው። ጠዋትና ማታ መከላከያውን በስፔሰር እየሳበ ከአንድ ዓመት በላይ ሌሊት ሳይነቃ፣ ኳስ እየተጫወተ ቆይቷል። ዘገባችሁ በወጣ ማግስት አክስቴ ገጹን በመቀስ ቆርጣ ለእህቴ ወሰደችላት። «ስነግርሽ የነበረው ይኸው፣ ጋዜጣው ጽፎታል» አለቻት። እህቴ መከላከያውን አቆመች። ሁለት ሳምንት ሳይሞላ ልጁ በሌሊት ደረቱ እያፏጨ፣ አንዲት ዓረፍተ ነገር ሳያቋርጥ መናገር አቅቶት ድንገተኛ ክፍል ገባ። በኦክስጅንና መድኃኒቱን ወደ ጉም ለውጦ በሚያስተነፍሰው መሣሪያ፣ በኔቡላይዘር ነው ያደረው። ዳነ፤ መከላከያውንም ቀጥሏል። እህቴ ግን እስከ ዛሬ ራሷን ይቅር አላለችም፤ አክስቴም ከዚያ ወዲህ ቤታቸው አልሄደችም።

ማስተካከያ እንድታወጡ እጠይቃለሁ። በመጨረሻው ገጽ ግርጌ በደቃቅ ፊደል ሳይሆን፣ በዚያው የጤና ዓምድ፣ በዚያው ደማቅ ፊደል፣ በዚያው መጠን ይሁን። አክስቴ የፊተኛውን ቁራጭ እስከ አሁን አጥፋ በቦርሳዋ ይዛዋለች፤ ይኸኛውንም ቆርጣ በምትኩ እንድትይዘው እፈልጋለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
ከአስም ጋር 32 ዓመት የኖረች አንባቢያችሁ