ለደንበኞቻችን፦ የቲማቲም ቱታና የአሜሪካ ተምች በመድኃኒት አልሞት ስላሉበት ምክንያትና ስለ አዲሱ የሽያጭ አሠራራችን

የተከበራችሁ የሸዋሮቢት፣ የቀወት፣ የኤፍራታና ግድም እንዲሁም የአካባቢው ደንበኞቻችን፤

ባለፈው የመስኖ ወቅት፣ በተለይ ሙቀቱ ከበረታ በኋላ፣ ወደ ሱቃችን ከመጣችሁት ቲማቲም አምራቾች ብዙዎቻችሁ አንድ ዓይነት ጥያቄ ነበራችሁ፦ «መድኃኒቱ ተበርዟል ወይ?» አንዳንዶቻችሁ ባዶውን ጠርሙስ ይዛችሁ መጣችሁ፣ ሌሎቻችሁ የተበላውን ቅጠል በፌስታል ቋጥራችሁ። ጥያቄው በችኮላ በሱቅ ደጃፍ የሚመለስ ስላልሆነ በጽሑፍ ልናስረዳችሁ ወደድን።

በገበያው ላይ ተመሳስሎ የተሠራ መድኃኒት የለም አንልም። እኛ ግን ማሸጊያው ያልተነካ ጠርሙስ ብቻ ነው የምንሸጠው፣ የመለያ ቁጥሩንም በደረሰኛችሁ ላይ እንጽፋለን። ከአንድ ፋብሪካ የወጣ፣ አንድ መለያ ቁጥር ያለው መድኃኒት አንዱ ማሳ ላይ ሠርቶ ሌላው ላይ ሳይሠራ ሲቀር ምክንያቱን ከጠርሙሱ ውጭ መፈለግ ይገባል። የእኛ እምነት የቱታ ትል ወደ አገራችን ሲገባ አንዳንዱን መድኃኒት የሚቋቋም ዘር ይዞ ገብቷል የሚል ነው። ለምን እንዲህ እንደምንል እንዘርዝር። ከዚህ በታች የምንጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ቱታ አብሶሉታ የደቡብ አሜሪካ ነፍሳት ነው። በ1917 ሳይንሳዊ ስም የተሰጠው ከፔሩ በተገኘ ናሙና ነው። ለረጅም ጊዜ ከዚያ ክፍለ ዓለም ሳይወጣ ቆይቶ በ2006 መጨረሻ ስፔን ውስጥ ታየ። በ2008 አልጄሪያ፣ ሞሮኮና ቱኒዚያ ደረሰ፣ በ2012 ደግሞ ኢትዮጵያ ውስጥ መኖሩ ተመዘገበ። ይህን ሁሉ አገር በክንፉ ብቻ አላቋረጠም። የእሳት እራቱ ርዝመት ከ5 እስከ 7 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው፤ ትሉ ግን ቲማቲሙ ውስጥ፣ አናቱ ላይ ካለችው አረንጓዴ ቅጠል ሥር ተደብቆ በሳጥን ተጭኖ ይጓዛል፤ በችግኝም ይጓዛል። በየቦታው የሚጀምረው እንግዲህ በጣም ጥቂት ሆኖ ነው።

ነገሩ የሚገባን በዘር ነው። ከአንድ ራስ ማሽላ የተገኘ ዘር ማሳ ሙሉ ቢዘራ አገዳው ሁሉ ይመሳሰላል፤ የዚያ ራስ ጥሩም መጥፎም ጠባይ ማሳውን ሙሉ ይገኛል። የቱታም ነገር እንዲሁ ነው። በ2015 የታተመ ጥናት በሜዲትራኒያን ባሕር ዙሪያ የተሰበሰቡትን ከደቡብ አሜሪካዎቹ ጋር በዘረመል አመሳክሮ ነበር፤ የሜዲትራኒያኖቹ መነሻ ከመካከለኛው ቺሊ አንድ ጊዜ የገባ ቡድን ሆኖ ተገኘ። የዘረመል ስብጥራቸው የጠበበ ነው። ሰው ይህን ሲሰማ «እንግዲያማ ደካማ ዘር ነው፣ ይጠፋል» ይል ይሆናል። ብዙ ጊዜ ጥቂት ሆኖ የተነሣ ዘር በእርግጥ ይደክማል። እነዚህ ግን ለዓመታት መድኃኒት ሲረጭበት ከኖረ አገር የወጡ ናቸው፤ ከዚያ እርጭት የተረፉት ወላጆች ያወረሷቸውን ይዘው ነው የተነሡት።

ያወረሷቸው ምንድን ነው? ላምብዳ ሳይሃሎትሪን፣ ሳይፐርሜትሪን፣ ዴልታሜትሪን የሚባሉት መድኃኒቶች ስማቸውና ጠርሙሳቸው ይለያይ እንጂ የሚመቱት አንዱኑ ቦታ ነው፤ በነፍሳቱ ነርቭ ላይ ሶዲየም የሚያልፍበትን መተላለፊያ። በብራዚልና በሜዲትራኒያን አገሮች በተሰበሰቡ ቱታዎች ላይ ይህን መተላለፊያ የሚሠራው ዘረመል ተለውጦ ተገኝቷል፤ መድኃኒቱ ቢነካቸውም አይገድላቸውም። ስለዚህ ከእነዚህ አንዱ አልሠራ ሲል ሌላውን ገዝቶ መርጨት፣ መጠኑን እጥፍ ማድረግም ቢሆን፣ ገንዘብ ማባከን ነው። ባለፈው ወቅት ሦስቱንም ተራ በተራ የረጩ ደንበኞች አሉን፤ ለእኛ ሽያጭ ነበር፣ ለእነሱ ግን ኪሳራ። እንዲህ ያለ ሽያጭ ከአሁን በኋላ አንፈልግም።

አዲስ መድኃኒትም ቢሆን ለዘላለም አይደለም። ክሎራንትራኒሊፕሮል የሚገኝበት ቡድን ቱታን አጥፍቶ ሲያሳየን ብዙዎቻችሁ ወደዳችሁት፤ እኛም ወደድነው። ነገር ግን በጣሊያንና በግሪክ እሱንም የሚቋቋም ቱታ ከተገኘ ቆይቷል። አንዲት ትል በሕይወት ዘመኗ መድኃኒት ተለማምዳ አትጠነክርም። እርጭቱ የማይቋቋሙትን ገድሎ የሚቋቋሙትን ጥቂቶች ያስቀራል፣ ቀጣዩን ትውልድ የሚወልዱት እነዚያ ናቸው። አንዲት ሴት ቱታ እስከ 260 ገደማ እንቁላል ትጥላለች። በ27 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሙቀት ከእንቁላል እስከ እሳት እራት 24 ቀን ገደማ ይበቃታል። በቆላው ሙቀት አንድ የቲማቲም ወቅት ሳያልቅ ሁለት ሦስት ትውልድ ይተካል ማለት ነው፤ የተረፉት ጥቂቶች ማሳውን ለመሙላት ሌላ ዓመት አያስፈልጋቸውም።

በቆሎና ማሽላ የምታለሙ ደግሞ የአሜሪካ ተምችን ታውቁታላችሁ። ከድሮው ተምች ለይታችሁ እወቁት፤ የድሮው በመንጋ እየተጓዘ ሳሩንም ሰብሉንም የሚያጭድ የአፍሪካው ነው። የአሜሪካው ትል ግንባሩ ላይ የተገለበጠ «ዋይ» የመሰለ ነጣ ያለ መስመር አለው፤ ከጅራቱ በላይ ደግሞ አራት ጥቁር ነጠብጣቦች በአራት ማዕዘን ተቀምጠዋል። በ2016 መጀመሪያ በምዕራብና በመካከለኛው አፍሪካ ታየ፣ በ2017 ኢትዮጵያ ገባ፤ በሁለት ዓመት ውስጥ ከ40 በላይ የአፍሪካ አገሮችን አዳርሶ በ2018 ሕንድ፣ በ2019 ቻይና፣ በ2020 አውስትራሊያ ደረሰ። ይህኛው እንደ ቱታ ሳጥን መጠበቅ አያሻውም፤ ነፋስ ካገዘው በአንድ ሌሊት መቶ ኪሎ ሜትር ይበርራል።

በዘረመሉ የሚያስደንቅ ነገር አለ። በአሜሪካ ሁለት ዓይነት ነው፤ አንዱ በቆሎ ወዳድ፣ ሌላው ሩዝና ሣር ወዳድ። አፍሪካ የገባው በእናት ብቻ የሚተላለፈው ዘረመሉ ሲታይ ብዙ ጊዜ የሩዙን ይመስላል፣ ከሁለቱም ወላጅ የሚወረሰው ሲታይ ግን የበቆሎውን። ድቅል ነው ማለት ነው፤ ጠባዩ ግን ወደ በቆሎው ያደላ ነው። የእኛ በቆሎና ማሽላ ከሁሉ በላይ የተጎዳው ለዚህ ነው። በአፍሪካና በእስያ ከተሰበሰቡት ውስጥ ኦርጋኖፎስፌትና ካርባሜት የሚባሉትን የቆዩ መድኃኒቶች የሚቋቋም ዘረመል ያላቸውም ተገኝተዋል። ይህም የአሜሪካ እርጭት ውርስ ነው።

የእኛ ዞን የተፈጥሮ አቀማመጥ እዚህ ላይ ትልቅ ትርጉም አለው። የአሜሪካ ተምች ክረምት ተኝቶ የሚያልፍበት ጠባይ የለውም፣ ሙቀቱ ከ12 ዲግሪ ገደማ ሲወርድ እድገቱ ይቆማል። በሰሜን አሜሪካም በየዓመቱ ከደቡብ ቴክሳስና ከፍሎሪዳ ተነሥቶ እስከ ካናዳ ይወጣል፤ ብርዱ ሲመጣ ሰሜኑ ላይ ያለው ያልቃል። የደብረ ብርሃን ዙሪያ ደንበኞቻችን ብርዱ ራሱ ብዙ ይከላከልላችኋል። ከጣርማበር ወዲህ ያለን ቆለኞች ግን በጋውን በሙሉ በመስኖ አረንጓዴ ስለምናቆይ ትሉ ዓመቱን ሙሉ ቀለብ አያጣም። ቱታ ደግሞ ብርድን ከተምቹ በተሻለ ይችላል፣ ድንችም ይበላል፤ ድንች የምትተክሉ ደገኞች ቅጠላችሁን ፈትሹ። ቆላችንን ከደጋው የሚያገናኘው የአዲስ አበባ ደሴ መንገድ ነው፤ ሳጥኑ በሙሉ የሚመላለሰው በእሱ ላይ ነው።

አሁን ወደ ሥራችን እንግባ። ከዚህ የመስኖ ወቅት ጀምሮ መድኃኒት ስትገዙ «ባለፈው የረጩት ምን ነበር?» ብለን እንጠይቃችኋለን። ጊዜያችሁን ለመውሰድ አይደለም። ጠርሙሱ ላይ ብዙ ጊዜ የቡድን ቁጥር አለ፤ 3 ያለው ሳይፐርሜትሪንና ዘመዶቹ ናቸው፣ 5 እነ ስፒኖሳድና ስፒኔቶራም፣ 6 ኢማሜክቲን፣ 28 እነ ክሎራንትራኒሊፕሮል። አንድ ወር ገደማ አንዱን ቡድን ከተጠቀማችሁ ለቀጣዩ ወር ሌላ ቁጥር እንሰጣችኋለን፤ ያንኑ መልሳችሁ ብትጠይቁን አንሸጥላችሁም። ቡድን 3ን ለቱታ ብሎ ለሚመጣ ሰው መሸጥ ጨርሶ አቁመናል። ሁለት ሦስት መድኃኒት በአንድ መርጫ ቀላቅሎ መርጨትም አንመክርም፤ ሁሉንም የሚቋቋመውን በአንድ ጊዜ መርጦ ማስቀረት ስለሚሆን። ጎረቤት ማሳዎች በአንድ ወር አንድ ቡድን ብትጠቀሙ ውጤቱ እጅግ የተሻለ ነው፤ እሳት እራቷ ድንበር አታውቅምና። ለዚህ ከተስማማችሁ ለሰፈራችሁ ሁሉ የሚሆን አንድ የእርጭት ፕሮግራም በነፃ እናወጣላችኋለን።

ከመርጨታችሁ በፊት ግን ቅጠሉን ወደ ፀሐይ አንሡና እዩ። የቱታ ጉዳት ሰፋ ያለ ስስ ቦታ ነው፤ የቅጠሉ ላይና ታች ቆዳ ብቻ ቀርቶ ሥጋው ተበልቷል፣ በአንዱ ጥግ ጥቁር ኩስ ተጠራቅሟል፣ ውስጡም ከራሱ ኋላ ጥቁር ቀጭን መስመር ያለው አረንጓዴ ትል ይታያል። ቀጭን፣ የተጠማዘዘ ነጭ መስመር ብቻ ካያችሁ ግን የሌላ ዝንብ ሥራ ነው፤ መድኃኒቱም ሌላ ነው። ባለፈው ወቅት በፌስታል ከመጡልን ቅጠሎች ውስጥ የዚህ ዝንብ የሆኑም ነበሩ።

የፌሮሞን ወጥመዱን (የሴቷን ሽታ አስመስሎ የሚስበውን) በተመለከተ፦ ወጥመዱ የሚይዘው ወንዱን ነው። መቼ መጣ፣ ምን ያህል በዛ የሚለውን ለማወቅ በጣም ጥሩ ነው፤ ብቻውን ግን አያድንም። ወንድ ያላገኘች ሴት ቱታም የሚፈለፈል እንቁላል ልትጥል እንደምትችል በቤተ ሙከራ ታይቷል። ወጥመድ የምንሸጥላችሁ እንደ ማስጠንቀቂያ ነው፣ መድኃኒት ነው ብላችሁ አትግዙት።

ችግኝ ጣቢያችን ውስጥ የቲማቲም ሳጥን እንዳይገባ ከልክለናል፣ ባዶም ቢሆን። ችግኝ ለመውሰድ ስትመጡ ሳጥናችሁን ከበር ውጭ አቆዩልን፤ በእኛ ታጥቦ በደረቀ ትሪ እንጭንላችኋለን። ቲማቲሙን ለቅማችሁ ስትጨርሱ አገዳውን ሳትውሉ ሳታድሩ ነቅላችሁ ቅበሩ፣ በድንበሩ ላይ ያለውን አውጥና አስተናግርም አብራችሁ ንቀሉ፤ ቱታ እዚያም ይራባል።

ለበቆሎና ለማሽላ አንድ ነገር እንጨምር። በ2017 በተደረገ አሰሳ ኮቴሲያ የምትባል ትንሽ ተርብ ኢትዮጵያ ውስጥ በአሜሪካ ተምች ትል ውስጥ እንቁላሏን ስትጥል፣ ልጆቿም ትሉን ከውስጥ በልተው ሲጨርሱት ተገኝታለች፤ ከተሰበሰቡት ትሎች ከ33.8 እስከ 45.3 በመቶ የሚሆኑት በእሷ የተጠቁ ነበሩ። መጤ ተባይ ከመጣ ብዙም ሳይቆይ የአገር ተርብ እንዲህ መነሣቷ ትልቅ ነገር ነው። ሁሉንም የሚገድል መድኃኒት እሷንም ይገድላል። ስለዚህ ትሉ ገና ሳይበዛ፣ እንቁላሉ በቅጠሉ ላይ ተከምሮ ሲታይ፣ በእጅ መልቀሙን አትናቁ፤ በአንድ ክምር ከ100 እስከ 200 እንቁላል አለ።

የተበላ ቅጠል ወይም ትል ስታመጡ ቅጠሉን በደረቅ ወረቀት ጠቅልሉት፣ በፌስታል ይበሰብሳል። የረጫችሁበትን ቀንና የጠርሙሱን ቁጥር ወረቀቱ ላይ ጻፉልን። ከሰኞ እስከ ቅዳሜ ጠዋት ጠዋት የሚያይላችሁ ባለሙያ ሱቁ ውስጥ አለ፤ ክፍያ የለውም።

በአክብሮት፣
የድርጅቱ ባልደረቦች
ሸዋሮቢት