ሰርተፍኬት በቃን፣ ስራ ይቅደም፦ ለከተማችን ከንቲባ የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ክቡር ከንቲባ፣ ጤና ይስጥልኝ።

የጎረቤቴ ልጅ አንድ የፕላስቲክ ፋይል አለው፣ ዝናብ እንዳይነካበት ከአልጋው ራስጌ ሚስማር ላይ ሰቅሎታል። ባለፈው ሳምንት አውርዶ አሳየኝ። ሰባት ሰርተፍኬት አለው። የኮምፒውተር፣ የደንበኛ አያያዝ፣ የስራ ፈጠራ ሁለት ጊዜ (ሁለተኛውን የወሰደው አበል ስለነበረው ነው፣ እራሱ ነው የነገረኝ)፣ የህይወት ክህሎት፣ ሌላም ሌላም። እድሜው 23 ነው፣ እስከዛሬ ግን አንድ ሙሉ ወር ሰርቶ ደሞዝ ተቀብሎ አያውቅም። ሲያሳየኝ እጁን ሱሪው ላይ ጠርጎ ነው ወረቀቱን የያዘው፣ እንዳይቆሽሽበት።

ይሄን ደብዳቤ እንድጽፍልዎ ያደረገኝ ያ ፋይል ነው። በየአመቱ ሪፖርት ላይ "ይሄን ያህል ሺህ ወጣት ሰለጠነ" ሲባል እሰማለሁ፣ የኛ ልጅም እዛ ቁጥር ውስጥ አለ፣ ምናልባትም ሰባት ጊዜ ተቆጥሯል። ስራ አገኘ ወይ ብሎ ደውሎ የጠየቀው ግን የለም።

የምኖረው መሀል ከተማ ነው፣ ቤቶቹ ተደጋግፈው በቆሙበት አሮጌ ሰፈር። ከጀርባችን ሶስት አመት ሙሉ ህንጻ ሲሰራ ነበር፣ አቧራው ያጠብነው ልብስ ላይ ያርፋል፣ ድምጹ ሌሊት አያስተኛም፣ ይሁን ልማት ነው ብለን ቻልነው። ከኛ ሰፈር ግን አንድም ሰው አልተቀጠረም፣ እውነቴን ነው አንድም ሰው። ኮንትራክተሩ ሰራተኛውን ጠዋት በአውቶብስ ጭኖ ያመጣል ማታ ጭኖ ይመልሳል፣ ልጆቻችን ቆርቆሮ አጥሩን ተደግፈው ያያሉ። አንድ ቀን ሁለቱ ተደፋፍረው በሩ ድረስ ሄደው ጠየቁ፣ ጥበቃው "የዚህ ሰፈር ልጅ እንዳታስገቡ ተብለናል፣ ብረት ይሰረቃል" ብሎ መለሳቸው። ሌላ ሰው ሄዶ የጠየቀ የለም ከዛ በኋላ። አድራሻቸው ብቻ እንደ ጥፋት ሲቆጠር ምን ይበሉ?

ክቡር ከንቲባ፣ ስራ ሲመጣ ሰፈር ምን እንደሚሆን ደግሞ በአይኔ አይቻለሁ። ከተወሰነ አመት በፊት አንድ የእንጨት ስራ ወርክሾፕ ከኛ መንደር ጫፍ ተከፍቶ ዘጠኝ ልጆች ቀጠረ፣ ዘጠኝ ብቻ። የቤታችን ግድግዳ ስስ ስለሆነ ከጎን ያለው ልጅ የስልክ አላርም ንጋት 11 ሰዓት ላይ ሲጮህ እኔም እነቃ ነበር፣ መጀመሪያ ተናደድኩ፣ ከዛ ለመድኩት፣ ከዛ ደስ ይለኝ ጀመር። ወጥቶ የጓደኛውን በር ያንኳኳል፣ ሁለቱ ደሞ ሶስተኛውን ይቀሰቅሳሉ። ማታ አምሽተው ግድግዳ ስር ይቀመጡ የነበሩት ልጆች ነገ ስራ አለኝ ብለው በጊዜ ይገባሉ። ሱቅ ያለባቸውን ዱቤ ከፈሉ፣ ባለሱቁ እቃ ጨመረ፣ አንዷ እናት የታናሹን ትምህርት ቤት ክፍያ ለመጀመሪያ ጊዜ በሰአቱ ከፈለች። ትናንሾቹ ልጆች ደግሞ (ይሄ ነው እኔን በጣም የነካኝ) ሲያድጉ ምን እንደሚሆኑ ሲጠየቁ "አናጺ" ማለት ጀመሩ፣ ምክንያቱም ጠዋት ጠዋት ወደ ስራ የሚሄድ ሰው አዩ።

ወርክሾፑ ግን የቤት ኪራይ ሲጨምርበት ከከተማ ወጣ። ስራው አልጠፋም እኮ፣ ራቀ እንጂ። ሁለት አውቶብስ፣ ደርሶ መልስ ሶስት ሰአት፣ ከደሞዙ ሩቡ ለትራንስፖርት። በሁለት ወር ውስጥ ከዘጠኙ አምስቱ አቆሙ። ያኔ "የመሀል ከተማ ልጅ ስራ አይወድም" ሲባል ሰማሁ፣ እስከዛሬም ያመኛል።

ይሄ ነገር የኛ ሰፈር ችግር ብቻ አይደለም፣ የተጠና ነገር ነው። አሜሪካዊው ኢኮኖሚስት ጆን ኬን ገና በ1968 (እዚህ የምጠቅሳቸው አመቶች ሁሉ በፈረንጆች ናቸው) ስለ ዲትሮይትና ስለ ቺካጎ ሲጽፍ ስራው ከመሀል ከተማ ወደ ዳር እየወጣ ጥቁሮቹ ግን በቤት አድሎ ምክንያት መሀል ላይ ተይዘው እንደቀሩ አሳይቷል። የማህበረሰብ ተመራማሪው ዊልያም ጁሊየስ ዊልሰን ደግሞ የቺካጎን ደቡባዊ ሰፈሮች ለብዙ አመት አጥንቶ ያገኘው ቁጥር ያስደነግጣል፣ በ1950 በሶስት ሰፈሮች ውስጥ ለስራ ከደረሱ ወንዶች 69 በመቶው በማንኛውም ሳምንት ስራ ላይ ነበሩ፣ በ1990 ወደ 37 በመቶ ወርዷል። እዛው ቺካጎ ኖርዝ ላውንዴል የሚባል ሰፈር አለ፣ አጠገቡ ከ40 ሺህ ሰው በላይ ያሰራ የነበረ የስልክ እቃ ፋብሪካ ነበረ፣ ተዘጋ፣ የትራክተር ፋብሪካውም ተዘጋ፣ ትልቁ የችርቻሮ ኩባንያም ዋና መስሪያ ቤቱን ይዞ ሄደ። ከነሱ ጋር ባንኩም ሱቁም ሄደ። ሰዎቹ እነዛው ሰዎች ናቸው፣ ጸባያቸው በአንድ ሌሊት አልተቀየረም፣ ከእግራቸው ስር የነበረው መሬት ነው የተነሳው።

ስራ ተመልሶ ሲመጣስ? እዛው ቺካጎ በ2012 ክረምት ከተማው ወንጀል ከበዛባቸው 13 ትምህርት ቤቶች 1,634 ተማሪዎችን በእጣ ለይቶ ለተወሰኑት የስምንት ሳምንት ስራ ሰጠ፣ በሳምንት 25 ሰአት፣ በዝቅተኛው የደሞዝ ወለል፣ ከጎናቸውም አንድ ትልቅ ሰው የሚመክራቸው የሚከታተላቸው ተመደበ። ተመራማሪዋ ሳራ ሄለር በ2014 ባወጣችው ውጤት ስራ ያገኙት ልጆች በ16 ወር ውስጥ በአመጽ ወንጀል የመታሰራቸው ነገር ካላገኙት ጋር ሲነጻጸር 43 በመቶ ያነሰ ነበር። ልብ ይበሉ፣ ልዩነቱ በብዛት የታየው ስራው ካለቀ በኋላ ነው፣ ስለዚህ ልጆቹ ጊዜ ስላጡ ብቻ ነው ማለት አይቻልም፣ የሆነ ነገር ውስጣቸው ቀርቷል ማለት ነው። ኒውዮርክ ላይም ተመሳሳይ የክረምት ስራ በእጣ ነው የሚሰጠው፣ ወደ 300 ሺህ የሚጠጋ ማመልከቻ የተመለከተ ጥናት ስራውን ያገኙት ልጆች እስር ቤት የመግባትም የመሞትም እድላቸው እንደቀነሰ አግኝቷል። በሀቅ ልናገር፣ በኋላ ላይ ደሞዛቸውን አላሳደገላቸውም። ቢሆንም አንድ እናት ልጇ በህይወት መኖሩንና የኋላውን የደሞዝ ጭማሪ አስቀምጠው ምረጪ ቢሏት የትኛውን እንደምትመርጥ እርስዎም ያውቁታል።

ስልጠና ሁሉ ከንቱ ነው አልልም። አዲስ አበባ ላይ በተደረገ ጥናት ለስራ ፈላጊ ወጣቶች ሲቪ አጻጻፍና ኢንተርቪው ከማሳየት አልፎ ችሎታቸውን በፈተና መዝኖ ቀጣሪ የሚያምነው ማስረጃ የሰጣቸው ስልጠና ከአራት አመት በኋላም ገቢያቸውን ከፍ አድርጎ ተገኝቷል። ለስራ ፍለጋ የትራንስፖርት ብር የተሰጣቸው ደግሞ መጀመሪያ ላይ ቶሎ የተሻለ ስራ አገኙ፣ ውጤቱ ግን እየቆየ ደበዘዘ። ልዩነቱ ይታየኛል፣ ቀጣሪው የሚያውቀው ነገር እጁ ላይ ያለው ልጅ በር ይከፈትለታል፣ ሰባት ወረቀት የያዘው ጎረቤቴ ግን ምን እንደሚችል የመዘነው ሰው የለም፣ መገኘቱን ብቻ ነው የፈረሙለት።

ስለ ታክስ ቅናሽም አንድ ነገር ልበል፣ ምክንያቱም "ኢንቨስተር እናመጣለን" ሲባል እሰማለሁ። በደፈናው ቅናሽ መስጠት ሁልጊዜ አይሰራም፣ በአሜሪካ ካሊፎርኒያ የነበረውን የልዩ ቀጠና ፕሮግራም (በተመረጡ ሰፈሮች ለሚሰራ ድርጅት ታክስ የሚቀንስ ነው) ያጠኑ ሰዎች ስራ ጨመረ የሚል ማስረጃ አላገኙም። በ1993 በአሜሪካ ፌደራል መንግስት ደረጃ የወጣው ህግ ግን ሌላ መንገድ ሄደ፣ ቀጣሪው ቅናሹን የሚያገኘው እዛው ቀጠና ውስጥ የሚኖርና እዛው የሚሰራ ሰው ሲቀጥር ነው፣ በአንድ ሰራተኛ በአመት እስከ 3,000 ዶላር፣ በዛ ላይ ስድስት ከተሞች እያንዳንዳቸው ለስልጠናና ለማህበራዊ አገልግሎት 100 ሚሊዮን ዶላር ተመደበላቸው። ስራም ደሞዝም ጨመረ፣ የኑሮ ውድነቱም ብዙም አልተነሳም። ይሄን የመጨረሻውን የጠቀስኩት እኛ በጣም የምንፈራው ነገር ስለሆነ ነው። ሰፈሩ ይለማል፣ ኪራይ ይሰቀላል፣ እኛ እንወጣለን፣ ስራው ለመጤ ይሆናል። እንዲህ ከሆነ ስራ መጣ አይባልም፣ ሰው ተቀየረ ነው የሚባለው።

የምንለምንዎ ከባድ ነገር አይደለም። ከተማው በራሱ ገንዘብ የሚያሰራው ግንባታ ሁሉ ኮንትራቱ ላይ ከአካባቢው ነዋሪ ይሄን ያህል ሰው ይቀጠራል የሚል አንቀጽ ይግባበት፣ ስንት እንደተቀጠረም አጥሩ ላይ ከፕሮጀክቱ ስም ጎን ይለጠፍ፣ ማንም አላፊ አግዳሚ ያንብበው። የትምህርት ቤት ዴስክ፣ የሆስፒታል አንሶላ እጥበት፣ የጽዳት ስራ፣ ይሄን ሁሉ ከተማው ለማንም መግዛቱ አይቀርም፣ ለምን ከሰፈር ማህበራት አይገዛም? አሜሪካ ክሊቭላንድ ላይ ትላልቆቹ ሆስፒታሎችና ዩኒቨርሲቲው የሚያወጡት የግዢ ገንዘብ አጠገባቸው ላሉት ድሃ ሰፈሮች እንዲደርስ ታስቦ በ2009 በሰራተኞቹ የተያዘ የልብስ ማጠቢያ ድርጅት ተከፍቷል፣ አንሶላ ነው የሚያጥቡት፣ ተራ ስራ ነው፣ ግን ሰራተኛው ባለድርሻ ነው። የኛ ወርክሾፕም አነስ ባለ ኪራይ የከተማው ባዶ መጋዘን ውስጥ ቢገባ ኖሮ ዛሬም አላርሙ ይሰማኝ ነበር።

ለተማሪዎቹ ደግሞ ይሄ ክረምት ሳያልፍ ስራ ይመቻች፣ ስምንት ሳምንትም ቢሆን፣ ግን አጠገባቸው የሚቆም ትልቅ ሰው ይኑር፣ ያለሱ ልጁን መጥረጊያ አስይዞ መተው ነው የሚሆነው። ሪፖርቱ ላይም "የሰለጠነ" የሚለው ቁጥር ቀርቶ ከስድስት ወር በኋላ ስራው ላይ ያለ ሰው ይቆጠር። ቁጥሩ በጣም ትንሽ ሊሆን ይችላል፣ ይሁን፣ ትንሹን እውነት ይዘን እንነጋገር።

ሰፈራችን ቢመጡ ደስ ይለናል። አዳራሽ አያስፈልግም፣ ድንኳንም አይተከል፣ ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ልጆቹ ግድግዳ ስር መቀመጥ ሲጀምሩ ይምጡ። ጎረቤቴ ፋይሉን አውርዶ ያሳይዎታል፣ ነግሬዋለሁ፣ እሺ ብሏል።

ከአክብሮት ጋር፣
የመሀል ከተማ ነዋሪ